የተሰበረ የጎማ ብሎን የአንድ ብሎን ጉዳይ አይደለም

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

መግቢያ

ስንዴ ደርሶ ኮምባይነር ወደ ማሳ በሚገባበት ወቅት የአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ዋና ሐሳብ ምርቱን ዝናብ ሳያገኘው ወደ መጋዘን ማስገባት ነው። በአርሲና በባሌ ደጋማ ቦታዎች ለዚህ ሥራ ከኮምባይነሩ ቀጥሎ እጅግ ተፈላጊ የሆነው መሣሪያ በትራክተር የሚሳበው ተጎታች ነው። ይሁንና ስለ ትራክተሩ ሞተር፣ ስለ ዘይቱና ስለ ነዳጁ ብዙ ሲነገር፣ ስለ ተጎታቹ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ተጎታች ሞተር የለውም፤ ጭስም አያወጣም። ስለዚህ የሚበላሽ ነገር ያለው አይመስልም።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከተጎታቹ ክፍሎች ሁሉ ትንሹን፣ ማለትም የጎማውን ቸርኬ ከሞዞው ጋር አጥብቆ የሚይዘውን ብሎን ነው። የአቅራቢው እምነት በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። አንድ የጎማ ብሎን ሲሰበር የቀሩትም መጎዳታቸውን የሚያስታውቅ ምልክት ስለሆነ፣ ተጎታቹ ወዲያውኑ ሥራ ማቆም አለበት፤ የተሰበረውም ብሎን ከግራና ከቀኙ ካሉት ጋር በትክክለኛው ዓይነት መተካት አለበት። «በቀሩት እንጨርስ» የሚለው ልማድና ዳዶን በብየዳ የማጣበቅ አሠራር ከማኅበሮቻችን መወገድ ይኖርባቸዋል።

በዓይኔ ያየሁት

በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር አርሲ ውስጥ የአንድ ማኅበር የዘር ስንዴ ብዜት ማሳ ለመመልከት ሄጄ ነበር። ማኅበሩ አራት ጎማ ያለው አንድ ተጎታች ነበረው። እያንዳንዱ ጎማ በስድስት ብሎኖች የሚታሰር ሲሆን፣ በስተኋላ በግራ በኩል ባለው ጎማ ላይ ግን አምስት ብቻ እንደነበሩ አስተዋልሁ። ሾፌሩን ብጠይቀው፣ ስድስተኛው ከሦስት ሳምንት በፊት እንደተሰበረ፣ ለኮሚቴው ወዲያው እንዳስታወቀ፣ «አምስቱ ይበቃሉ፤ ሰብሉ ሲያልቅ እናሠራዋለን» የሚል መልስ እንደተሰጠው ነገረኝ። እኔም የመጣሁት ለዘሩ ጉዳይ ነው ብዬ፣ ነገሩን አይቼ አለፍሁ።

ከአራት ቀን በኋላ በዚያው መንገድ ስመለስ ተጎታቹን ከመንገዱ ዳር ተዘንብሎ አገኘሁት። 40 ኩንታል የዘር ስንዴ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ያ ጎማ ወልቆ ነበር። ጎማው ብቻውን እየተንከባለለ ከብት ወደሚጠብቁ ልጆች አቅጣጫ ወርዶ፣ ደግነቱ ልጆቹን ሳይነካ የአንድ በሬ እግር ሰበረ። በጆንያዎቹ ላይ ተቀምጠው ከነበሩት ሁለት የቀን ሠራተኞች አንደኛው ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ስንዴው ከአፈርና ከሌላ ዘር ጋር ስለተደባለቀ ለዘርነት መዋሉ ቀርቶ በምግብ እህል ዋጋ ተሸጠ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው በዚያ ቁልቁለት ላይ ቃል በቃል ተፈጸመ፤ ሴቶችና ልጆች እስከ ማታ ድረስ ከመንገድ ላይ ስንዴ ሲለቅሙ ዋሉ።

በሞዞው ላይ የቀሩትን የብሎን ጉቶዎች አንድ በአንድ ተመለከትሁ። የመጀመሪያው ከቆየ ስብራት የተነሣ ዝጎ ነበር። ሦስቱ ደግሞ ከስብራታቸው ገጽ የሚበዛው ክፍል ጠቁሮና ለስልሶ፣ በላዩም የውኃ ሞገድ የሚመስል መስመር ይታይበት ነበር፤ የሚያበራና ሸካራ የሆነው አዲስ ስብራት በአንድ ጎን ብቻ ነበር። ሙሉ በሙሉ አዲስ ስብራት የታየባቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። ይህም ማለት ኮሚቴው «ይበቃሉ» ካላቸው አምስት ብሎኖች ውስጥ ሦስቱ አስቀድመው በከፊል ተሰንጥቀው ነበር ማለት ነው። ማኅበሩ ጭነቱን ሲያጓጉዝ የነበረው በሁለት ጤነኛ ብሎኖች ነበር።

ኮሚቴው በኋላ ተሰብስቦ ከጉዳቱ ዋጋ ከፊሉ ከሾፌሩ ደመወዝ እንዲቆረጥ ወሰነ። ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ከሁሉ በላይ ይህ ውሳኔ ነው።

ብሎን የሚሰበርበት ምክንያት

ብዙዎቻችን የጎማ ብሎን እንደ ማንጠልጠያ ሚስማር ጭነቱን በቀጥታ የሚሸከም ይመስለናል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ዳዶው በሚገባ ሲጠብቅ ብሎኑ በጥቂቱ ይለጠጥና ቸርኬውን በሞዞው ፊት ላይ በከፍተኛ ኃይል ይጫነዋል። ጭነቱን በዋናነት የሚሸከመው በእነዚህ ሁለት ፊቶች መካከል ያለው መያያዝ ነው። የብሎኑ ሥራ ፊቶቹን ማጣበቅ ነው።

ይህን ለአርሶ አደሩ ለማስረዳት ከምራን የተሻለ ምሳሌ የለም። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ምራን ጠብቆ ሲታሰር ለብዙ ጊዜ ያገለግላል። ከላላ ግን ሞፈሩ ወዲያና ወዲህ እያለ ምራኑን ይፈጋዋል፤ በመጨረሻም ይበጥሰዋል። ምራኑን የበጠሰው ያለቅጥ መጥበቁ ሳይሆን መላላቱ ነው። የጎማ ብሎንም እንዲሁ ነው። ዳዶው ሲላላ ቸርኬው በእያንዳንዱ ዙር ብሎኑን ያጎብጠዋል፤ መልሶም ያቃናዋል። የጎኑ ስፋት 76 ሴንቲሜትር የሆነ የተጎታች ጎማ በአንድ ዙር 2.4 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ400 ጊዜ በላይ ይዞራል። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ ማለት ብሎኑ ከ4,000 ጊዜ በላይ ጎበጠ፣ ተቃና ማለት ነው። ሽቦ በእጅ እያመላለስን ስናጎብጠው እንደሚበጠስ ሁሉ፣ ብሎኑም ከጥርሱ ሥር መሰንጠቅ ይጀምራል።

ዳዶ እንዲላላ የሚያደርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. በቸርኬውና በሞዞው መካከል ጭቃ፣ ዝገት ወይም ወፍራም ቀለም መኖሩ። ይህ ሽፋን በጉዞ ላይ ሲደቅና ሲረግፍ ቦታው ክፍት ይቀራል፤ ብሎኑም ይላላል።

ለ. አዲስ የታሰረ ጎማ ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ ዳግመኛ አለመጥበቁ።

ሐ. የዳዶው መቀመጫ ከቸርኬው ቀዳዳ ጋር አለመገጣጠሙ። ሾጣጣ መቀመጫ ያለው ቀዳዳ በጠፍጣፋ ዳዶ ሲታሰር የሚነካው ቦታ እጅግ ጥቂት ነው።

መ. ከመጠን በላይ መጥበቁ። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በመፍቻ ላይ አንድ ሜትር ቱቦ ቀጥሎ ሙሉ ክብደቱን ቢያሳርፍበት ወደ 690 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ለ18 ሚሊሜትር የጎማ ብሎን በብዛት የሚታዘዘው ግን 270 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ያለው ጉልበት ብሎኑን ከመጠን በላይ ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ብሎን ደግሞ እንደገና አጥብቆ አይዝም።

«አምስቱ ይበቃሉ» ስለሚለው ክርክር

ማኅበራት የሚያቀርቡትን ምክንያት አቃልለን ልናየው አይገባም። ኮምባይነሩ የተከራየ ነው፤ ነገ ወደ ሌላ ማሳ ይሄዳል። ዝናብ ሊመጣ ይችላል። መለዋወጫው በወረዳው ከተማ አይገኝ ይሆናል። ስለዚህ «አምስቱ እስኪያልቅ ይሥሩ» ማለት የሰነፍ ሰው ንግግር ሳይሆን የተጨነቀ ሰው ንግግር ነው።

ሆኖም ክርክሩ የቆመው አምስቱ ብሎኖች ጤነኞች ናቸው በሚል ግምት ላይ ነው። ስድስተኛውን የሰበረው የላላ ጎማ ግን አምስቱንም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭነት ሲያጎብጣቸው የቆየ ነው። ከዚህም በላይ አንዱ ከተሰበረ ወዲህ የእርሱ ድርሻ በጎረቤቶቹ ላይ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት ነው አንድ ብሎን ሲሰበር ከግራና ከቀኙ ያሉት አብረው እንዲለወጡ፣ በአንድ ጎማ ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሰበሩ ደግሞ የዚያ ጎማ ብሎኖች በሙሉ እንዲለወጡ የሚመከረው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የጎማ ብሎኖችም ኃይላቸው በማበራቸው ነው።

ሁለተኛው ልማድ ብየዳ ነው። በአንዳንድ ቦታ የተሰበረውን ብሎን በጉቶው ላይ በብየዳ ይቀጥሉታል፤ ወይም ዳዶውን ከቸርኬው ጋር ይበይዱታል። የጎማ ብሎን በሙቀት ታክሞ ጥንካሬ ያገኘ ብረት ስለሆነ፣ የብየዳው ሙቀት ያንን ጥንካሬ በከፊል ያጠፋዋል፤ በብየዳው ዳርም ብረቱን በቀላሉ ተሰባሪ ያደርገዋል። የተበየደ ዳዶም ሲላላ ሊጠብቅ አይችልም፤ ጎማ ሲተነፍስም ሊፈታ አይችልም።

ሦስተኛው ልማድ ከብረታ ብረት መደብር የተገኘ ማንኛውም 18 ሚሊሜትር ብሎን መክተት ነው። ጠንካራ ብሎኖች ጥንካሬያቸውን የሚያሳይ ቁጥር በራሳቸው ላይ ተቀርጾባቸዋል። 4.6 የሚል ቁጥር ያለው ተራ ብሎን ከመበጠሱ በፊት የሚችለው ኃይል 10.9 የሚል ካለው ብሎን 40 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በውፍረት እኩል መሆናቸው ዓይንን ያታልላል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳያዩ አይግዙ።

አተካኩ

የሚከተለው ቅደም ተከተል በማኅበሩ ግቢ ውስጥ ሊፈጸም የሚችል ነው።

1. ጭነቱን ያራግፉ። ተጎታቹን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ፤ ከትራክተሩ አይፍቱት። የትራክተሩን የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ለሌሎቹ ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ታኮ ያድርጉ።

2. ጎማው መሬት እንደነካ ዳዶዎቹን በጥቂቱ ያላሉ። በአንዳንድ አሮጌ ተጎታቾች በግራ በኩል ያሉት ብሎኖች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚፈቱ ስለሆኑ፣ ዳዶ እምቢ ሲል ከመታገል በፊት የጥርሱን አቅጣጫ ይመልከቱ።

3. ክሪኩን ከአክስሉ ሥር አግብተው ያንሡ። ከዚያም ጠንካራ ግንድ ወይም የብረት መቆሚያ ከአክስሉ ሥር ያድርጉ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም። በክሪክ ብቻ በቆመ ተጎታች ሥር ማንም ሰው እጁን አያግባ።

4. ጎማውን ያውጡ። ከሞዞው በስተጀርባ ብሎኑ የሚወጣበት ክፍተት ከሌለ ሞዞው መውጣት አለበት። ክዳኑን፣ ኮፒሊያውንና የመሐል ዳዶውን ፈትተው የውጭውን ኩሽኔታ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ያኑሩ። በአውድማ አጠገብ ይህን ሥራ መሥራት አይገባም፤ ገለባና አቧራ የገባበት ኩሽኔታ ዕድሜ አይኖረውም።

5. ጉቶውን ከፊት ወደ ኋላ በናስ ዘንግና በመዶሻ ያውጡ። ሞዞው በሁለት በኩል በእንጨት መደገፍ አለበት። አንዳንድ ብሎኖች ግን በጥርስ የሚገቡ ስለሆኑ በመዶሻ ሳይሆን በማዞር ይወጣሉ።

6. የወጣውን ብሎን ይዘው ወደ መደብር ይሂዱ። መመሳሰል ያለባቸው አራት ናቸው፦ የጥርሱ ውፍረት፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት፣ በሞዞው ቀዳዳ ውስጥ የሚጣበቀው የተሸነተረ አንገት ውፍረት፣ እንዲሁም ቁመቱ። ባለስድስት ብሎን በሆኑ ብዙ የእርሻ ተጎታቾች ላይ የሚገኘው ኤም 18 × 1.5 የሚባለው ነው፤ በግምት ግን አይግዙ፤ ይለኩ።

7. የሞዞውን ቀዳዳ ይመርምሩ። አሮጌው ብሎን በቀዳዳው ውስጥ ሲዞር የነበረ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷልና አዲሱ አይጣበቅም። ይህን ቶርኖ ቤት ያሳዩ፤ ወይም ሞዞውን ይለውጡ።

8. አዲሱን ብሎን ከኋላ አስገብተው በፊት በኩል ጥቂት ሮንዴላዎችና አንድ አሮጌ ዳዶ በማድረግ፣ ራሱ የሞዞውን ጀርባ እስኪነካ ድረስ ይሳቡት። ለዚህ የዋለው ዳዶ ለጎማ ማሰሪያ አያገለግልም። ጎማውን አስሮ በጉዞ ላይ «ራሱ ይገባል» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው።

9. ሞዞው ወጥቶ ከነበረ ኩሽኔታውን በአዲስ ግሪስ ሞልተው ይመልሱ። ሞዞውን እያዞሩ የመሐሉን ዳዶ ያጥብቁ፤ ከዚያም በነፃ እስኪዞር በጥቂቱ መልሰው አዲስ ኮፒሊያ ያድርጉ።

10. የቸርኬውንና የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ። የቸርኬው ቀዳዳዎች ሞላላ ከሆኑ ወይም ከዳራቸው ከተሰነጠቁ ቸርኬውን ይጣሉት፤ አዲስ ብሎን ያረጀ ቸርኬን አያድነውም። በዳዶው መቀመጫ ላይ ግሪስ አይቀቡ።

11. ዳዶዎቹን በቅድሚያ በእጅ፣ ቀጥሎ ፊት ለፊት እየተሻገሩ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ያጥብቁ። የመጨረሻው ማጥበቅ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ይሁን። ልኩ በአምራቹ መመሪያ ላይ የተጻፈው ነው። የጥብቀት መለኪያ መፍቻ ከሌለ፣ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በግማሽ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ ክብደቱን ቀስ ብሎ ሲያሳርፍ 290 ኒውተን ሜትር ገደማ እንደሚሆን በማወቅ፣ ከሚታዘዘው ልክ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

12. ከመጀመሪያው የተጫነ ጉዞ በኋላ እንደገና ያጥብቁ፤ 50 ኪሎ ሜትር ሲሞላም ይድገሙት። በሰብል ወቅት ደግሞ በየማለዳው ይፈትሹ።

መለዋወጫ ባልተገኘ ጊዜ

ብሎኑ እስኪመጣ ድረስ ተጎታቹ ባዶውን ሆኖ፣ ሰው ሳይጫንበት፣ በእርምጃ ፍጥነት ወደ ቅርቡ ግቢ ይወሰድ፤ ሁለት የተሰበሩ ካሉ ግን ካለበት አይነሣ። እህሉን በኪራይ ጋሪ፣ በአህያ ወይም በጎረቤት ማኅበር ተጎታች ማጓጓዝ ዘገምተኛ ነው፤ ወጪም አለው። ይሁን እንጂ ወጪው አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። የወለቀ ጎማ የሚያስከትለው ወጪ ግን ወሰኑ አይታወቅም።

ከዚህ የተሻለው ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ማንኛውም ማኅበር ለእያንዳንዱ ተጎታች ቢያንስ የአንድ ጎማ ሙሉ ብሎንና ዳዶ ገዝቶ፣ በዘይት ጨርቅ ጠቅልሎ፣ በመጋዘኑ መዝገብ ላይ አስፍሮ ማስቀመጥ አለበት። ግዢውም ገበያ በማይጨናነቅበት በክረምት ወራት መፈጸም ይኖርበታል። ማዳበሪያና ዘር በጊዜው እንዲገዛ በዕቅድ እንደምናሰፍር ሁሉ፣ የጎማ ብሎንም በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት።

የኃላፊነት ጉዳይ

ካዱ በሚል አጠራር የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአርሲ ትራክተርና ተጎታች እንግዳ ነገሮች አይደሉም። መሣሪያው ከመጣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። መሣሪያውን በየቀኑ የመመርመርና የማቆም ሥልጣን ግን እስከ ዛሬ ለማን እንደተሰጠ ግልጽ ያልሆነባቸው ማኅበራት ጥቂቶች አይደሉም።

ከላይ ወደተጠቀሰው ሾፌር ልመለስ። ብልሽቱን አይቷል፤ ተናግሯል። መለዋወጫ የሚገዛበት ገንዘብ በእጁ አልነበረም፤ የጥብቀት መለኪያ መፍቻም አልተሰጠውም። «አልነዳም» ቢል እንጀራውን ያጣ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ማድረግ ፍትሕ የጎደለው ከመሆኑም በላይ፣ የሚቀጥለው ሾፌር ያየውን እንዳይናገር የሚያስተምር ነው። ስለሆነም ማኅበራት በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያክሉ አሳስባለሁ፦ የጎማ ብሎን ጎድሎ ወይም ተሰብሮ ሲገኝ ሾፌሩ ተጎታቹን የማቆም መብት አለው፤ በዚህም ምክንያት ደመወዙ አይነካም። ይህ ተጽፎለት ሳለ ያላስታወቀ ሾፌር ቢኖር ያን ጊዜ ይጠየቅ።

የልማት ሠራተኞችም «እኛ የሰብል ባለሙያዎች ነን» ብለን ማለፍ የለብንም። ይህን የምለው ከማንም አስቀድሞ ለራሴ ነው። ማሳ ለመጎብኘት ስንሄድ ተጎታች ካየን ለመፈተሽ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዳዶዎችን መቁጠር፤ ከዳዶው ሥር የሚወርድ የዝገት መስመር መኖሩን ማየት፤ በዳዶው ዙሪያ ቀለሙ ተፍቆ የሚያበራ ቀለበት መኖሩን ማስተዋል። እነዚህ ሁሉ ጎማው መላላቱን የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። ያየነውንም በቃል ብቻ ሳይሆን በማኅበሩ መዝገብ ላይ ቀን ጠቅሰን ማስፈር ይኖርብናል። እንዲሁም በጭነት ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ማስተማር የዘር መጠንን ከማስተማር የማያንስ የሥራችን ክፍል ነው።

ማጠቃለያ

አንድ ማኅበር ዓመቱን ሙሉ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞና ከዋግ ጠብቆ ያደረሰውን ስንዴ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ በአንድ ብሎን ምክንያት ማጣት የለበትም። አንዱ ሲሰበር ያቁሙ፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ይለውጡ፤ አጽድተው ይሰሩ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና ያጥብቁ። መለዋወጫውን ከወቅቱ በፊት ይግዙ፤ ለሾፌሩም የማቆም መብት ይስጡት። ይህን ጽሑፍ ያነበበ የልማት ሠራተኛ ነገ ጠዋት በሚሄድበት ማኅበር ተጎታች ላይ ያሉትን ዳዶዎች ቢቆጥር የጽሑፉ ዓላማ ከግብ ደረሰ ማለት ነው።